የጥራጊው በርሜል

ሌባው ወርቁን ትቶ ቆሻሻውን ይዞ ሄደ። ሳጅኗ ደውላ ስትነግረኝ የቀለደችብኝ መስሎኝ ነበር። ሳጅኗ ደግሞ አትቀልድም። አብረን ስንሠራ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ከጣቢያው ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ የወደቅሁ ቀን ነው።

ወርቅ ቤቱ ከፊት ጠባብ ሱቅ፣ ከጀርባ ረዘም ያለ የሥራ ክፍል አለው። ወደ ጓሮ መንገድ የሚያወጣው በር ቁልፉ በብረት ተፈልቅቆ ተንጠልጥሏል። ካዝናው ግን አልተነካም። በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ቀለበቱም ሐብሉም እንደ ወትሮው ተደርድሯል። የጠፋው ከሥራ ክፍሉ ጥግ የነበረ አንድ ክዳን ያለው በርሜል ነው። ሲሚንቶው ላይ ክብ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል።

"ምን ነበረበት?" ብዬ ባለቤቱን ጠየቅኳቸው።

"ጥራጊ" አሉኝ።

ባለቤቱ ከጠረጴዛ ላይ ሲያጎነብሱ ኖረው ወገባቸው በዚያው የቀረ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የጥራጊውን ነገር በትዕግሥት አስረዱኝ። ወርቅ ሲቆረጥ፣ ሲሞረድ፣ ሲወለወል ብናኙ ይረግፋል። ዋናውን ብናኝ በየጠረጴዛው ሥር የተዘረጋው ቆዳ ይቀበለዋል፤ የተረፈው ወለል ላይ ይወድቃል፣ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ጥፍር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ቤት የሚጣል ነገር የለም። የወለሉ ጥራጊ፣ ያለቀ መወልወያ ጨርቅ፣ የእጅ መታጠቢያው ሳፋ ዝቃጭ፣ ሁሉም በርሜሉ ውስጥ ይገባል። ማንም እጁን በሳፋው ሳይታጠብ፣ ሽርጡንና ቆቡን ምስማር ላይ ሳይሰቅል አይወጣም። በዓመት አንዴ በርሜሉ ከነአሮጌው ሽርጥና ቆብ ወርቅ አቅላጩ ዘንድ ይወሰድና ተቃጥሎ፣ ተጣርቶ ወርቁ ይወጣል። የቤቱን ኪራይ የሚሸፍነው ያ ወርቅ ነው። የሚወሰድበት ሳምንት ደግሞ ደርሶ ነበር።

በሥራ ክፍሉ ሦስት ጠረጴዛ አለ። አንዱ የሽማግሌው ነው። ሁለተኛው የታናሽ ወንድማቸው ነው፤ እሱን ሰው የሚያውቀው ጎፈሬው በሚል ቅጽል ስም ነው። ጠጉሩ እንደ አንበሳ ጎፈር ዙሪያውን የቆመ፣ በቅባት የሚያብረቀርቅ፣ ራሱም የሚኮራበት ነው። ሲያወራም ሲያዳምጥም እጁ ከጠጉሩ አይለይም። ቀልደኛ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ሌባው ጽዳት የሚወድ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ከያዛችሁት ወለሉንም እንዲወለውልልን አምጡልን አለ። ሳቅሁ። ሥራዬን ረስቼ መሳቄ አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ሦስተኛው ጠረጴዛ የወልዋዩ ነው። ወልዋዩ ዕቃውን የመጨረሻውን ውበት የሚሰጠው፣ ማታ ወለሉን የሚጠርገውና በርሜሉን የሚሞላውም ሰው ነው። ልጅ ሆኖ ያለ አባት እዚያ ቤት ገብቶ፣ ሙያውን ከሽማግሌው ተምሮ፣ በሠርጉ ቀን ሽማግሌው አባት ሆነው ቆመውለት፣ አሁን የልጆች አባት ነው። ራሱ የተላጨ፣ ዝምተኛ፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚመልስ ነው። የዚያን ዕለት ማታ የት ነበርክ ስለው ቤቴ አለኝ። ማን አየህ ስለው ሚስቴ አለኝ። ጎፈሬው ደግሞ ፑል ቤት ነበርኩ፣ ተሸንፌ ስለነበር ሁሉም በደስታ ያስታውሰኛል አለ።

ከጎረቤት ሕንፃ ጥበቃ ያገኘነው ቃል ነገሩን ወደ አንድ ሰው አዞረው። ጥበቃው ሲመሻሽ በጓሮው መንገድ አንድ ሰው ጋሪ ሲገፋ አይቷል። ፊቱን አልለየውም። ቆቡን ግን ለይቶታል፤ እዚያ ወርቅ ቤት ብቻ የሚደረገው ግራጫ ቆብ ነው። ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሰን ምስማሮቹን አየን። የሽማግሌው ቆብ ተሰቅሏል። የወልዋዩ ምስማር ባዶ ነው። ጎፈሬው ቆብ አድርጎ ስለማያውቅ የቆብ ምስማርም የለውም።

ሽማግሌውን ወደ ሱቁ ይዣቸው ወጣሁ። የሣጥኑን መስታወት በእጅጌያቸው ወለወሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከመስታወት ሣጥኑ ሳይነቅሉ፣ "ልጄ ነው፤ ምን ልበልህ?" አሉኝ። "ግን የጥራጊውን ዋጋ የሚያውቀው እሱ ነው። ቆቡም የሱ ነው። ከዚህ በላይ አታናግረኝ።"

እኔም አላናገርኳቸውም። የሚያለቅሱ መስሎኝ አዘንኩላቸው። ወልዋዩን ጣቢያ ወሰድነው።

በሥራዬ ብዙ ሰው አስሬያለሁ። አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱ ይምላል፣ አንዳንዱ ዘመድ ባለሥልጣን አለኝ ይላል። እንደ ወልዋዩ ተረጋግቶ የተቀመጠ ግን አላጋጠመኝም። ጥፋተኛ ነህ ወይ ስለው አይደለሁም አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ዓመታት ሊያስቀጣው እንደሚችል ነገርኩት።

"ጋሼ ይመጣሉ" አለኝ።

"መጥተው ምን ያደርጋሉ?"

"ያስወጡኛል። እኔን ያውቁኛል።"

ስምህን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው ልለው አፌ ላይ መጣና መለስኩት። ምርመራ ላይ የምስክርን ቃል ለተጠርጣሪ መንገር አይገባም። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቆመኝ ደንቡ አልነበረም፣ ፊቱ ነው።

ሚስቱ በየጠዋቱ እየመጣች ከጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አታለቅስም፣ አትለምንም። አንድ ቀን ሳልፍ ቆም አልኩና ባልሽ ከሥራ ወደ ቤት ያመጣው ነገር ኖሮ ያውቃል ወይ አልኳት። "ጌታዬ፣ ባሌ የጫማውን ሶል ሱቅ በር ላይ በብሩሽ ሳያራግፍ ቤት አይመጣም" አለችኝ። "ምነው ስለው የሰው ወርቅ ነው ይለኛል።" ይህን ሁሉም የሌባ ሚስት ይለዋል ብዬ አለፍኩ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው፣ ፖሊስም ከሌባ ጋር ሲውል ማመን ይጠፋበታል።

ከዚያ የኢንሹራንሱ ሰው መጣ። ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ፣ ወፍራም ውል በብብቱ የያዘ ሰው ነው። ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከእኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገረኝ፤ በዚያ ቤት የተፈጸመው ስርቆት ፒልፈር በሚባለው ግሥ ይጠራል ወይስ አይጠራም?

ሌብነት ሌብነት ነው አልኩት። ልጁን የሰደብኩበት ያህል ቅር አለው። በር ሰብሮ የገባ ሌባ የራሱ ግሥ አለው አለኝ፤ አስፈራርቶ የቀማም የራሱ። ፒልፈር የሚባለው ግን ትንሽ ትንሹን፣ ደጋግሞ፣ ሳያስነቃ ለሚወስድ ነው። ከቢሮ እስክሪብቶ፣ ከሆቴል ጓዳ ስኳር፣ ከመጋዘን በኪስ በኪስ ሩዝ የሚያወጣ ሰው በዚህ ግሥ ይጠራል። ባንክ የዘረፈን ሰው በዚህ ግሥ ብትጠራው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይስቃል። አድራጊው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቤቱ የሚያምነው ነው፤ የማይታመን ሰው ደጋግሞ የመግባት ዕድል ከየት ያገኛል? ውሉ ለበር ሰባሪ ይከፍላል፣ ለዚህኛው አይከፍልም።

"እኛ እጁ አመል አለበት የምንለው ነው" አልኩት።

እሱ ስለ ሰውየው ነው፣ እኔ የምፈልገው ግሡን ነው አለኝ። መነተፈስ አልኩት። መነተፈ ፈጣን ነው፣ አንዴ ተደርጎ ያልቃል ብሎ ጣለው። ሞጨለፈ ስለው ቀረብ ብሏል ግን መደጋገሙ የለበትም አለ። እንደ ተማሪ ተያይዘን ስንከራከር ሳጅኗ ከምትጽፈው ቀና ሳትል፣ "ቆንጥሮ ቆንጥሮ ወሰደ ብትሉትስ?" አለች። ሰውየው ተደስቶ ማስታወሻው ላይ አሰፈረው።

ለማንኛውም በሩ ተሰብሯል፣ በርሜሉም ባንድ ጊዜ ነው የሄደው፣ ስለዚህ መክፈልህ አይቀርም ብዬ ሸኘሁት። የከፋው ሰው ሆኖ ወጣ። እኔም በልቤ ሳቅሁበት።

በርሜሉን ያገኘችው ሳጅኗ ናት። አሮጌ ብረት የሚሰበስቡትን ሰዎች ግቢ አንድ በአንድ ስትዞር ከአንደኛው ውስጥ ክዳኑን ጨምሮ ቆሞ አየችው። ቆርቆሮ ሰብሳቢው መጀመሪያ ከአባቴ የወረስኩት ነው አለ። ሳጅኗ ዓይኑን ስታየው ደግሞ አግኝቼው ነው አለ። ከገበያው ጀርባ ካለው ትልቅ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ እስከ አፉ አፈር ሞልቶ ተጥሎ ነው ያገኘው።

"አፈሩን ምን አደረግከው?" አልኩት ሳጅኗ ጠርታኝ እንደደረስኩ።

"ደጄ ላይ ጉድጓድ ነበር፣ ደፈንኩበት። ክረምት በመጣ ቁጥር እግሬ ይገባ ነበር። ጌታዬ፣ አፈር መውሰድም ወንጀል ሆነ እንዴ?"

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ። ጥራጊውን ፈልጎ በር የሰበረ ሌባ ጥራጊውን ከነበርሜሉ ቆሻሻ ላይ ለምን ይጥላል? ሳጅኗም ይህንኑ እያሰበች ነበር መሰለኝ፣ አካፋ አስመጣችና አፈሩን በጆንያ አስሞላችው። ሰውየው ጉድጓዴ ጉድጓዴ እያለ ከኋላችን ቀረ።

ወርቅ አቅላጩ ከከተማው ዳር እቶን ያለው ሰው ነው። ቅንድቡ በእሳት ተበልቶ ስላለቀ ምን እንደሚያስብ ከፊቱ ማንበብ ይቸግራል። ከጆንያው አነሳ፣ አቃጠለ፣ አጠበ፣ አቀለጠ። ስንጠብቅ ዋልን። በመጨረሻ ያሳየን ነገር ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጥም። የሚሠራ ወርቅ ቤት የዓመት ጥራጊ እንዲህ አይሆንም፣ ይህ የወርቅ ቤት ሳይሆን የትምህርት ቤት ጥራጊ ነው አለ።

በመኪናው ውስጥ ሳጅኗ መሪውን ይዛ ሳትነዳ ተቀመጠች። "በርሜሉ የተሰረቀው ውስጡ ስላለው ነገር አይደለም፣ ስለሌለው ነገር ነው" አለች። ልክ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው ብናኙን በርሜሉ ሳይደርስ ሲወስደው ኖሯል። በርሜሉ አቅላጩ ዘንድ ከደረሰ ጉዱ ይፈላል። ስለዚህ በር ተሰበረ፣ ሌባ ከውጭ መጣ ተባለ። የሳቅሁበት የኢንሹራንስ ሰው ግሥ ትዝ አለኝ። ቆንጥሮ ቆንጥሮ፣ ቤቱ የሚያምነው ሰው።

ይህ ግን ወልዋዩን ነጻ አያወጣውም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያከብድበታል። የሚጠርገው እሱ፣ በርሜሉን የሚሞላው እሱ፣ የታየው ቆብም የሱ ነው። በሚቀጥለው ጠዋት ክፍሉ ገብቼ ስለ ቆቡ ጠየቅኩት። እስከዚያ ድረስ ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ መልሱን የማውቀው መስሎኝ።

ጥያቄው አልገባውም። ቆቡን አድርጌ መንገድ ላይ? አለ። አዎ፣ ሰው አይቶታል አልኩት። ታስሮ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ኢንስፔክተር፣ ቆቡ እኮ ከቤት አይወጣም። ዓመቱን ሙሉ ብናኝ የያዘ ቆብ ነው፣ ከጥራጊው ጋር የሚቃጠል ነው። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ እኔ እሱን አድርጌ አልወጣም። ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ?"

ማን ነው? ያ ሕግ በአጥንቱ የገባ ሰው አያደርገውም። ሊሰርቅ ቢወጣ እንኳ እጁ ራሱ ቆቡን አውልቆ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ያን የሚያደርገው ቆብ አድርጎ የማያውቅ፣ ቆቡ ለምን እንደሚሰቀል ግድ ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። ደግሞም በመንገድ ላይ የሚደብቀው ነገር ራሱ ላይ ያለ ሰው። የተላጨ ራስ ማንም አይለየውም፤ እንደ አንበሳ የቆመ ጎፈሬ ግን ከሩቅ ይታወቃል።

ሳጅኗ ፑል ቤት ሄደች። ጎፈሬው ያለው እውነት ነው፣ ያን ማታ እዚያ ነበር። ያሸነፈውን ሰው ፈልጋ አገኘችውና ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተረከችው። መሐል ላይ ጎፈሬው ልብላ ብሎ ወጥቶ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ሰውየው ይህን የሚያስታውሰው በአንድ ምክንያት ነው። ጎፈሬው ሲመለስ ጠጉሩ ዙሪያውን ተደፍጥጦ ነበር። ጠጉሩን እንዲህ ሆኖ አይተውት ስለማያውቁ ቤቱ በሙሉ ሲስቅበት አመሸ፤ እሱም አብሮ ስቋል።

ወደ ወርቅ ቤቱ ስንሄድ ሥራ ተጀምሮ ነበር። የወልዋዩ ጠረጴዛ ባዶ ነው። ሽማግሌው ቀለበት ይሞርዳሉ። ጎፈሬው እኛን ሲያይ ሌባው ወለል ሊወለውል ተስማማ ወይ አለ። በዚህ ጊዜ አልሳቅሁም። ሳጅኗ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ዘረጋች፣ ከኪሷ ሚዶ አወጣችና ሰጠችው።

"ጠጉርህን አበጥር" አለችው።

እጁ ወደ ጠጉሩ ሄዶ መሐል ላይ ቆመ። ቀልድ ፈለገ፣ አላገኘም። ሽማግሌው ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ጎፈሬው ሚዶውን ወስዶ አንድ ጊዜ አበጠረ፤ ወረቀቱ ላይ በፀሐይ ብርሃን የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር ረገፈ። ሁለተኛ ጊዜ እንዲያበጥር ማንም አላዘዘውም።

ነገሩ ቀላል ነበር። ወንድሙና ወልዋዩ ምሳ ሲወጡ እሱ ይቀራል። ቅባት በነካው ጣቱ ከየጠረጴዛው ቆዳ ላይ ብናኙን ያነሳል፣ ጠጉሩን ይነካካል፣ ቤቱ ሄዶ ጠጉሩን በሳህን ይታጠባል። እጁን በሳፋው ታጥቦ ስለሚወጣ ማንም አይጠረጥረውም። ቆብ አድርግ ያለውም የለም፤ የቤቱ ልጅ ነው። ከበርሜሉ በኋላስ ለምን አላቆምክም ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። "አመል ነው። ስሠራ እጄ ራሱ ይሄዳል" አለኝ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ማለት ይህ ነው። የወልዋዩን ቆብ ለምን መረጥከው አልኩት። በሩ አጠገብ የነበረው የሱ ምስማር ስለሆነ ነው አለ። የሰውየው መታሰር ከዚያ በላይ ያሰበበት ነገር አልነበረም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ጎፈሬውን ይዘን ስንወጣ ሳጅኗ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። "ሽማግሌው አልደነገጡም" አለችኝ። እኔም አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ወርቁ ሲረግፍ ሁላችንም ወደ ወረቀቱ ስናይ እሳቸው የሚያዩት መስኮቱን ነበር። የማያውቀውን ነገር የሚያይ ሰው እንዲህ አያይም።

ከጣቢያ ሳልቆይ ወርቅ አቅላጩ ዘንድ ተመለስኩ። ባለፈው ዓመትስ የዚያ ቤት ጥራጊ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩት። እቶኑን ቆሰቆሰ።

"ከስቶ ነበር" አለኝ። "ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ከቤትዎ እጁ ረጅም ሰው አለ አልኳቸው። አውቀዋለሁ፣ ወንድሜ ነው፣ ሆድ ይፍጀው አሉኝ።"

ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም ስለው አልጠየቅኸኝም አለ። አልተቆጣሁትም። ቁጣዬን ለሌላ ሰው ማስቀመጥ ነበረብኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ሽማግሌው ሳወራ አንቱ ማለት አቅቶኛል። ፊት ለፊት ሳናግረው አፌ አንቱታውን አልተወም፤ ልቤ ግን ትቶታል። አንባቢ ይታገሰኝ።

ሱቁን ዘግቶ በሥራ ክፍሉ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ቆቡን አላወለቀም። ለምን እንደመጣሁ ገብቶት ነበር፤ ሳልጠይቀው ጀመረ። ያን ጠዋት የተፈለቀቀውን በር ሲያይ ማን እንደሆነ አውቋል። የወልዋዩን ምስማር ባዶ ሲያይ ደግሞ ወልዋዩ አለመሆኑን ይበልጥ አረጋግጧል፤ ያ ሰው ቆብ ከቤት እንደማያወጣ ከሽማግሌው በላይ የሚያውቅ የለም፣ ያስተማረው ራሱ ነው።

"ታዲያ ስሙን ለምን ሰጡኝ?"

"አንዱን መስጠት ነበረብኝ።" ሞረዱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። "እናታችን ስትሞት የሱን እጅ እጄ ላይ አስቀምጣ ነው የሞተችው። ወንድሜ እስር ቤት አንድ ወር አይቆይም፣ ይሞትብኛል። ያኛው ግን ቻይ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰጡትን ሁሉ ይችላል። ሚስቱንና ልጆቹን እኔ አበላለሁ፣ ሲወጣ ጠረጴዛው ይጠብቀዋል ብዬ ነበር።"

 ሰውየውን የመረጠው ስለሚጠላው አልነበረም፤ ስለሚታገሥለት ነው። ለሐሰት ቃሉ እንደሚጠየቅ ነገርኩት። ይሁን አለ። የኢንሹራንሱ ሰውም አንድ ሳንቲም እንደማይከፍለው ነገርኩት፤ እሱንም ይሁን አለ። ልወጣ ስል ነው የፈራው ነገር የመጣው።

"ወልዋዩ እንዳያውቅ ማድረግ ይቻላል?" አለኝ። "የወንድሜን አይደለም። የኔን።"

"ነገ ጠዋት ይፈታል" አልኩት። "በር ላይ መጥተው ራስዎ ይንገሩት። ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ።"

የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። ግን መጣ። ጠዋት የጣቢያው በር ሲከፈት ሚስትየዋ የባሏን ንጹሕ ሸሚዝ በክንዷ ይዛ ቆማለች፤ ሽማግሌው ከሷ ራቅ ብሎ ግድግዳውን ተደግፏል። ወልዋዩን ይዤ ወጣሁ። እሱ መጀመሪያ ያየው ሚስቱን አይደለም፣ ሽማግሌውን ነው። ፊቱ በራ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አላልኩዎትም? ይመጣሉ ብዬዎት ነበር" አለኝ። ከዚያ ሄዶ ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ።

ሽማግሌው ወደኋላ ሸሸ። "ተው፣ አትሳመኝ። አንተ እንዳልሆንክ አውቅ ነበር" አለው።

"እሱንማ መች አጣሁት" አለ ወልዋዩ ቀና ብሎ። ፈገግታው ገና አልጠፋም ነበር። "እኔን ያውቁኛል ብዬ ለኢንስፔክተርም ነግሬያቸዋለሁ።"

"ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። ወንድሜ መሆኑን እያወቅኩ ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ መኪና ያልፋል። ወልዋዩ ሸሚዝ እንደሚያለብሱት ሰው እጁን ወደፊት ዘርግቶ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ቀርባ ክንዱን ያዘችው፤ እሷ ከሱ ቀድማ የገመተችው ይመስለኛል። ሽማግሌው ይቅር በለኝ አላለም። ቢል ኖሮ ያ ሰው ይቅር ይለው ነበር ብዬ ስለምፈራ፣ ባለማለቱ ደስ አለኝ።

"ልጆቼ አያታችን ነው የሚሉዎት" አለ ወልዋዩ በመጨረሻ። ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው። "አሁን ቤት ስገባ አያታችንስ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?"

 ወልዋዩ መልሱን ጥቂት ጠበቀ። ይጠብቅ የነበረው ከልቡ ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንኳ ሽማግሌው አንድ የሚሆን ነገር የሚነግረው መስሎት ነበር። ከዚያ ሚስቱ ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና መንገዱን ይዘው ሄዱ።